ሰልፊ ሳይሆን ታፔላ ነው (የምላሽ ጽሑፍ)

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። ከስሩ «ሴትዮህ ተሰድባልሃለች» ብሎበታል። ቡናዬን አስቀምጬ አነበብኩት። እውነትም ተሰድባለች።

ሴትዮዬ የምትባለው ኤሊዛቤት ቪዤ ሌ ብሩን ናት። በ1755 ፓሪስ ተወልዳ በ1842 እዚያው ያረፈች ፈረንሳዊት ሠዓሊ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ የሚያወራው የገለባ ባርኔጣ አድርጋ የራሷን መልክ በዘይት ቀለም ስለሣለችበት ሥዕል ነው። ሥዕሉ ያለው ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ ነው። እኔ የምሠራው ከዚያ ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ዝናብ ሲይዘኝ የምጠለለው እሷ ዘንድ ነው። ወዳጄ ይህን ስለሚያውቅ ነው «ሴትዮህ» ያለኝ።

ሥዕሉን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ቁመቱ አንድ ሜትር ለጥቂት አይሞላም፤ ወርዱ ሰባ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። ከኋላዋ ሰማይና ደመና ብቻ ነው ያለው። ሮዝ ቀሚስ ለብሳ ጥቁር ሻል ጣል አድርጋለች። ባርኔጣዋ ላይ ላባና የሜዳ አበባ ተሰክቷል። በአንድ እጇ ፓሌቷን፣ ማለትም ቀለም የምትበጠብጥበትን ሰሌዳ፣ ከብሩሾቿ ጋር ይዛለች። ሌላኛው እጇ ባዶውን ነው፤ ወደ እኛ ዘርጋ ብሏል። ዓይኗን አትሰብርም።

ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። ቢጽፉም እዚህ አላነሳውም ነበር፤ ጉዳዬ ከሐሳባቸው ጋር ነው። ክሳቸው ባጭሩ ይሄ ነው። ሥዕሉ የዚያ ዘመን «ሰልፊ» ነው፣ ራስን ከመውደድ ሌላ ምንም የለበትም። ሐሳቡ ከእሷ በፊት ከነበረው ታላቅ ሠዓሊ ከሩበንስ የተሰረቀ ነው። አለባበሷ ውሸት ነው፤ በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው እንዲያ ዘንጦ አይሠራም። እዚያ ደረጃ ያደረሷት የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔትና የራሷ ቁንጅና ናቸው። በዚያ ላይ ለንደን ያለው ቅጂ ነው። ለማሳረጊያ ደግሞ ጥርሷን አሳይታ ራሷን በመሣሏ ፓሪስ እንደተንጫጫች ይነግሩናል።

ጽሑፉ ጥሩ ይነበባል። ቋንቋቸው ያምራል። ብቻ ከሥዕሉ ጋር ፊት ለፊት የተገናኙ አይመስለኝም።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቶሎ ስለሚያልቅ። የጥርሱ ጣጣ የዚህ ሥዕል አይደለም። ጸሐፊው ሁለት ሥዕል አምታተዋል። ፓሪስን ያንጫጫው በ1786 የሣለችው ሌላ የራሷ ምስል ነው። እዚያኛው ላይ ትንሿን ልጇን ዡሊን አቅፋ ትታያለች፤ ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ነው ያለው። በ1787 ለሕዝብ ሲቀርብ አንድ የዘመኑ የወሬ ጽሑፍ፣ ፈገግ ስትል ጥርሷን ማሳየቷ ሠዓሊውም ዐዋቂውም በአንድ ድምፅ የሚነቅፈው፣ ከጥንቶቹም ምሳሌ የሌለው ነገር ነው ብሎ ተቆጣ። በዚያ ዘመን ሥዕል ላይ አፉን ከፍቶ የሚታየው ሰካራም፣ እብድ ወይም ተራ ባላገር ነበር። ለእኛ ይሄ ብዙም እንግዳ አይደለም። የድሮ ፎቶ ቤት የተነሱ ዘመዶቻችንን አስታውሱ። ሁሉም ከንፈሩን ገጥሞ፣ ትከሻውን ቀጥ አድርጎ፣ ለፍርድ የቀረበ ነው የሚመስለው። ካሜራ ፊት መሳቅ የቅሌት ያህል ነበር። እንግዲህ የጥርሱ ነገር ለሌላ ቀን ይቆየን።

«ቅጂ ነው» ለሚለውም ብዙ አልለፋም። አዎ፣ የመጀመሪያው፣ በ1782 የሣለችው፣ በግል ሰው እጅ ነው። ለንደን ያለውን ግን ሌላ ሰው አልቀዳውም። እሷው ራሷ ደግማ ሣለችው፣ ፈረመችበት። ጋለሪውም አልደበቀም፤ በግልጽ ጽፎታል። በዚያ ዘመን የተወደደ ሥዕል መድገም የተለመደ ነበር። ፎቶ የለም፤ ፈላጊ ሲበዛ ሠዓሊው ቁጭ ብሎ ይደግመዋል። አንዲት ባለሙያ ለፋሲካ የሠራችውን ዶሮ ወጥ ለልጇ ሠርግ ብትደግመው ሁለተኛው «ቅጂ ነው» የሚል እንግዳ አላጋጠመኝም።

ደግሞ ስትደግምም እጇ ዝም ብሎ አይደግምም። በ1790 ሮም ሆና ኢጣሊያ፣ ፍሎረንስ ላለው ለኡፊዚ ሙዚየም የሠዓሊዎች ምስል ስብስብ ራሷን ሣለች። እዚያ ላይ ሥራ ላይ ናት፤ ሸራው ላይ ያለው ፊት የማሪ አንቷኔት ነው። በኋላ ያንኑ ለአንድ እንግሊዛዊ ስትደግመው የንግሥቲቱን ፊት አውጥታ የልጇን አስገባች። ያ ሥዕል ዛሬ ኢክወርዝ በሚባል የእንግሊዝ የባላባት ቤት ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው። «የዘመኑ ሰልፊ» የሚለው አባባል ለአፍ ይጥማል። ግን እስቲ አስቡት። ስልክ ዘርግቶ ጠቅ ማድረግ ጊዜ አይወስድም። በዘይት ቀለም ራስን መሣል ማለት መስታወት ፊት መቆም፣ ማየት፣ ዞር ብሎ ሸራው ላይ ጠብ ማድረግ፣ ተመልሶ ማየት ነው። አንዱ ድርብ እስኪደርቅ ቀናት ይሄዳሉ። ከዚያ ሌላ ድርብ ይመጣል። ራሱን ብቻ የወደደ ሰው መስታወቱ ይበቃዋል።

ክሱ አዲስም አይደለም። ስለ ሴቶች መብት የጻፈችው ፈረንሳዊቷ ደራሲ ሲሞን ደ ቦቯር እንኳ፣ ይህች ሴት የፈገግታ እናትነቷን ሸራ ላይ ማስፈር አይሰለቻትም ብላ ሸንቆጥ አድርጋታለች። የደ ቦቯር ወቀሳ ሠዓሊዋ ከልጇ ጋር ራሷን ስለሣለችባቸው ሥዕሎች ከሆነ ልንከራከርበት እንችላለን። እዚህኛው ላይ ግን ልጅ የለም። ያለው ፓሌት ነው።

ፓሌቱን ጸሐፊው አንድም ቦታ አላነሱትም! አምስት ጊዜ ባርኔጣ፣ ሦስት ጊዜ አንገት፣ ሁለት ጊዜ ሮዝ ቀሚስ ብለዋል። ቆጥሬያለሁ። ፓሌት ግን የለም። ለእኔ ደግሞ የሥዕሉ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ስለራሴ ላውራ፣ አትቀየሙኝ።

ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ አንድ ታፔላ የሚሠራ ሰው ዘንድ ተቀጥሬ ነበር። ቆርቆሮ መሞረድ፣ መሠረቱን መቀባት፣ ፊደል መሙላት ነበር ሥራዬ። የምንሠራውም በዘይት ቀለም ነው፤ የበርና የመስኮት ቀለም። አለቃችን ለደንበኛ ሁለት ቀለም፣ ቢበዛ ሦስት ቀለም ይጠቀማል። የራሱ በር ላይ የሰቀላት ታፔላ ግን ሌላ ነበረች። ጥላ ያለው ፊደል፣ ዳር ዳሯ ሐረግ፣ መሐሏ ላይ የገዛ እጁ ብሩሽ እንደያዘ ተሥሏል። «ለራስህ ለምን እንዲህ ትለፋለህ?» ስንለው፣ «ሰውዬው ሳይገባ በፊት ዋጋዬን እዚያ ያንብብ» ይለን ነበር።

የቪዤ ሌ ብሩን ሥዕልም ያቺ ታፔላ ናት። ሴትዮዋ እንጀራዋ የሰው መልክ መሣል ነው። ደንበኛ ሲመጣ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፦ «እኔን ትመስለኝ ይሆን?» የሌላ ሰው ምስል ብታሳየው ያንን ሰው አያውቀውም፤ በምን ያመሳክራል? የራሷን ምስል ስታሳየው ግን ሸራውን ያያል፣ ዞር ብሎ አጠገቡ የቆመችውን ሴት ያያል። ማመሳከሪያዋ እዚያው ናት። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል? ያ ወደ እኛ የተዘረጋው ባዶ እጅም «ይግቡ» የሚል ይመስለኛል። ይህ የእኔ ስሜት ነው፤ ማንም አይፈርምልኝም።

ስለ አለባበሷ የተባለውም እዚሁ ላይ ይፈታል። ታፔላ ላይ ማንም ቱታ ለብሶ አይሣልም። ጸሐፊው የሚያደንቁት ሩበንስ በ1623 ራሱን ሲሥል ትልቅ ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ፣ የወርቅ ሐብል አጥልቆ ነው። ብሩሽ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፑሳ በ1650 የራሱን ምስል ሲሠራ እንደ ሮማዊ ሊቅ ጥቁር ካባ ተከናንቦ ነው፤ እሱም ብሩሽ አልያዘም። እነዚህን «ውሸታም» ያላቸው የለም። «ክብራቸውን የጠበቁ ሠዓሊዎች» ነው የተባሉት። እሷ ፓሌቷን በእጇ ይዛ ወጣች፤ ውሸታሟ እሷ ሆነች። እንዴት ነው ነገሩ?

ግማሽ እውነት አላቸው፤ እሱን አልክድም። ከሰማይ በታች ቆማ አልሣለችውም። በዚያ ዘመን የተበጠበጠ የዘይት ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነው፤ በመርፌ ይበሳና ይጨመቃል፣ ቀዳዳው በምስማር ይደፈናል። ያንን ሁሉ ተሸክሞ ሜዳ መውጣት ጣጣ ነበር። ዛሬ የምናውቀው የቆርቆሮ ቱቦ የተፈለሰፈው በ1841 ነው፤ እሷ ልትሞት አንድ ዓመት ሲቀራት። ስለዚህ ሰማዩ የክፍል ውስጥ ሰማይ ነው። ግን ሥራ የማይነካካት እመቤት አድርገው ማቅረባቸው ያስቃል። ልጇን ዡሊን በወለደችበት ቀን፣ በ1780፣ ምጡ ፋታ በሰጣት ቁጥር ሸራዋ ላይ እየተመለሰች ትሠራ እንደነበር ራሷ ጽፋለች። የምትሠራውም የልጇን የኩፒድን ክንፍ የምታስረውን ቬነስን፣ የጥንቶቹን የፍቅር አምላክ፣ ነበር። ይህን ሰምቼ መጀመሪያ ያሰብኩት አዋላጇን ነው።

አሁን ወደ «ስርቆቱ»። እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሏ ዣን-ባፕቲስት-ፒዬር ሌ ብሩን የሥዕል ነጋዴ ነበር። አብረው ወደ ፍላንደርስ፣ ወደ ዛሬዋ ቤልጂየም፣ ሲሄዱ አንትወርፕ ላይ የሩበንስን አንድ ሥዕል አየች። «የገለባ ባርኔጣ» የሚባለው ነው። ሩበንስ ከ1622 እስከ 1625 ባለው ጊዜ ኦክ እንጨት ላይ የሠራው፣ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ምስል። ያየችው ነገር ልቧን ወሰደው። የሥዕሉ ኃይል ያለው በሁለቱ ብርሃን ላይ ነው አለች፦ አንዱ የተራው ቀን ብርሃን፣ ሌላው የፀሐዩ ጨረር። ወዲያው ብራስልስ ላይ ያንኑ ፍለጋ የራሷን ምስል ጀመረች።

ይህን ሁሉ በምን አወቅን? እሷው ጽፋልን ነው። በእርጅናዋ ባሳተመችው ትዝታዋ ላይ ቁልጭ አድርጋ ሩበንስን አየሁ፣ ሥዕሉ አነሣሣኝ፣ እኔም ሞከርኩት ትላለች። ሌባ ዕቃውን ከነባለቤቱ ስም አያውጅም። ጸሐፊው «ደረስኩበት» ብለው ያወጁት ምስጢር ባለቤቷ ራሷ ያሳተመችው ነው።

ደግሞ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቡ። የሩበንሷ ሴት እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ከባርኔጣው ስር በጎን ታያለች። የምትታይ ሴት ናት። ማን እንደሆነች ሲያከራክር ኖሮ ዛሬ ሱዛና ሉንደን ሳትሆን አትቀርም ይባላል፤ የሩበንስ የሁለተኛ ሚስቱ እህት። ፈረንሳዊቷ ግን ቀጥ ብላ ታየናለች፣ እጇን ፈታ አድርጋለች፣ መሣሪያዋን ይዛለች። በዚህ ሥዕል ሠዓሊውም ተሣዩም አንድ ሰው ነው። ሩበንስ እዚያ ሥዕል ላይ ያልነበረውን ቦታ እሷ ያዘችው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። የሩበንስ ባርኔጣ የገለባ አይደለም። ጥቁር የተዳመጠ ጸጉር ነው፣ ከእኛ በርኖስ ጋር የሚቀራረብ ነገር። «ገለባ» የተባለው በፈረንሳይኛ የገለባና የጸጉር ቃል ስለሚመሳሰል በስህተት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እሷ ግን እውነተኛ የገለባ ባርኔጣ ደፋች። ስሙን ካልቀረ ልክ ላድርገው ያለች ይመስላል።

ወደ ብርሃኑ ልመለስ። ታፔላ ቤት ሳለሁ መጀመሪያ ፊት እንድሥል የተፈቀደልኝ ለአንድ ጸጉር ቤት ነው። ታውቁታላችሁ፣ ተቆርጦ ያማረበት ጎረምሳ ጭንቅላት። ከአገጩ ስር ጥላ ላስገባ ብዬ ቡናማው ላይ ጥቁር ጨመርኩና ለቀለቅኩት። አለቃዬ መጣ፣ ቆመ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ልጅ ማን ደበደበው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የበለዘ ይመስል ነበር። ከዚያ የገዛ እጁን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ በሌላው እጁ ጋረደና «እስቲ እይ፣ እዚህ ውስጥ ጥቁር የታለ?» አለ። የለም። ጥላው ውስጥ ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ከሸሚዙ የተመለሰ ሰማያዊ አለ። ጥቁር የለም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ያቺን ሥዕል ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ተግሣጽ ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩአት። ባርኔጣው ግንባሯና ዓይኗ ላይ ጥላ ጥሏል። ፀሐዩ የሚያርፈው ወደ ታች፣ አንገቷና ደረቷ ላይ ነው። ሰው በባርኔጣ ሲሣል የተለመደው ዘዴ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ፊቱን ማብራት ነው። እሷ ፊቷን፣ ያውም ደንበኛ የሚያመሳክርበትን ፊት፣ ጥላ ውስጥ ከተተችው። ጥላው ግን አልጠቆረም። ሞቅ ያለ ነው። ሥጋው ከስሩ ይታያል። ጥላው የሚያልቅበት መስመር ደግሞ በቢላ የተቆረጠ አይደለም፤ ዳሩ ለስልሶ ብርሃኑ ውስጥ ይገባል። የጆሮ ጌጧ ጠብታ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ያቺ ነጥብ ባትኖር ፀሐዩ የት እንዳለ አናውቅም ነበር።

ይህ በዘይት ቀለም ካልሆነ አይመጣም። ዘይት ቶሎ አይደርቅም፤ ሁለት ቀለም ርጥብ ሆነው ዳር ለዳር እንዲዋሐዱ ጊዜ ይሰጣል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ስስ፣ መስተዋት መሰል ድርብ ይለብሳል። ብርሃኑ ስሱን ድርብ አልፎ፣ ከስሩ ያለውን ነጣ ያለ ቀለም ነክቶ ይመለሳል። ሩበንስ ይህን ያደረገው እንጨት ላይ ነው፤ እንጨት ለስላሳ ነው፣ ያግዛል። እሷ ለንደን ባለው ሸራ ላይ ነው ያደረገችው። ማን ነበር «ሰረቀች» ያለው? ፈተና ወስዳ ነው ያለፈችው።

በነገራችን ላይ ዮሐን ጎትሃርድ ሙለር የሚባል ሰው በ1785 ይህን ሥዕል ቀርጾ በጥቁርና ነጭ ሕትመት አወጣው። በደንብ የተሠራ ሕትመት ነው። እሷ ግን አልተደሰተችም። የሕትመቱ ጥቁር ጥላ የሥዕሉን ነገር አጠፋው አለች። አለቃዬን አለመገናኘታቸው ይቆጨኛል።

«ንግሥቲቱ ነች ያደረሰቻት» የሚለው ቀረ። ይህ ክስ ከሁሉም የተሻለ መሠረት አለው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እንየው።

ማሪ አንቷኔትን መጀመሪያ የሣለችው በ1778 ነው። ንግሥቲቱ የጠራቻት ግን ከመሬት ተነሥታ አይደለም። አባቷ ሠዓሊ ነበር፤ የሞተው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከዚያ በኋላ ገና በአፍላዋ መልክ እየሣለች ለቤተሰቡ ገንዘብ ታመጣ ነበር። እናቷ ያገባችው ጌጥ ሠሪ የልጅቱን ገቢ ወሰደ። ኋላ ደግሞ ባሏ። ሁለቱንም በትዝታዋ አማርራ ጽፋለች። ያለ ፈቃድ ትሠራለች ተብሎ ዕቃዋ ስለተያዘባት በ1774 የቅዱስ ሉቃስ አካዳሚ የሚባለው የሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆነች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህ ሁሉ ንግሥቲቱ ስሟን ሳትሰማ በፊት ነው።

ጸሐፊው የሚያነሡት በ1783 ወደ ንጉሣዊው የሥዕል አካዳሚ የገባችበትን ነው። እውነት ነው፣ ንግሥቲቱ እጇን አስገብታለች፤ ንጉሡም አዝዟል። ግን ለምን አስፈለገ? አካዳሚው አባላቱ ከሥዕል ንግድ ጋር እንዳይነካኩ የሚል ደንብ ነበረው። ባሏ ነጋዴ ስለሆነ በሩ ተዘጋባት። በሴት ቁጥር ላይ ደግሞ ገደብ ነበር፤ ከአራት አይበልጡም። ራቁት ሞዴል እያዩ መሣል ለሴቶች አይፈቀድም። የንጉሡ የመጀመሪያ ሠዓሊ የሚባለው ዣን-ባፕቲስት ማሪ ፒዬር ሴት አይግባብን ብሎ እንደተሟገተባት ትናገራለች። እና ንግሥቲቱ የተጠራችው የተቆለፈውን ለመክፈት ነው። ቁልፉን የሰቀሉት ወንዶች ናቸው፤ የሚወቀሰው ግን የገባችው ናት።

ከዚያ በፊት ግን እንድትገባ ሐሳብ ያቀረበላት ሰው ነበር። የባሕርና የወደብ ሥዕል ጌታ የነበረው ዦዜፍ ቬርኔ። ምኑን አይቶ? ከሌሎች ሥራዎቿ ጋር ይህንኑ የገለባ ባርኔጣ ሥዕል አይቶ። ይህንንም ጽፋዋለች። ታፔላዋ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚጠቅም አንድ ነገር ልስጥ፤ ለመከራከሪያ ያልተጠቀሙበት መሆኑ ገርሞኛል። በዚያው ቀን፣ ግንቦት 31 ቀን 1783፣ አዴላይድ ላቢይ-ጊያር የምትባል ሌላ ሠዓሊ ገብታለች። እሷ የገባችው በድምፅ ነው፤ የንጉሥ ትእዛዝ አላስፈለጋትም። «እሷ ከቻለች ያቺ ለምን አልቻለችም?» ማለት ይቻል ነበር። መልሱ አጭር ነው። የላቢይ-ጊያር ባል ሥዕል አይነግድም።

ቁንጅናዋን በተመለከተ፣ ቆንጆ መሆኗ ጠቀማት ሲሉ ጎዳትም ማለት ነበረባቸው። ሥዕሎቿን የሚሠራላት ፍራንሷ-ጊዮም ሜናዦ ነው የሚል ሐሜት ነበር። ሠዓሊ ነው፣ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር፤ በቃ፣ ለሐሜተኛ ይህ ይበቃል። ቆንጆ ሴት እንዲህ ልትሥል አትችልም፣ ወንድ ይኖራል ከጀርባዋ። ያን ሐሜት ይዛችሁ ሥዕሉን እንደገና እዩት። ፓሌቱን ለምን ደረቷ ስር ከፍ አድርጋ እንደያዘችው ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

ንግሥቲቱ ድጋፏ ብቻ ብትሆን ደግሞ ከ1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት በኋላ ታሪኳ ባበቃ ነበር። በዚያ ዓመት በጥቅምት ሕዝቡ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ወርዶ ንጉሡንና ንግሥቲቱን ወደ ፓሪስ ሲያመጣ፣ እሷ በዚያው ሌሊት ልጇንና ሞግዚቷን ይዛ በሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላ ከተማዋን ለቀቀች። ተራ ሴት መስላ፣ ተራ ልብስ ለብሳ። ማሪ አንቷኔት በ1793 ተገደለች። ባሏ በ1794 ፈታት። አገር የላት፣ ባል የላት፣ ንግሥት የላት። ብሩሿን ይዛ ሮም፣ ናፖሊ፣ ቪየና፣ ቅዱስ ፒተርስበርግ ሠራች። ሩሲያ ብቻ ስድስት ዓመት ገደማ። የሚያሠራት አላጣችም። ፈረንሳይ ውስጥ አብዮቱን ከሸሹ ስደተኞች ዝርዝር ስሟ እንዲፋቅ ከ200 በላይ ሠዓሊዎች፣ ጸሐፊዎችና ምሁራን ፈርመው አቤት አሉላት። በ1802 ተመለሰች። ለንጉሣውያን ያላት ፍቅር እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም፤ ይህን የሚጠላ ይጥላ፣ እኔም ብዙ አይጥመኝም። ከፖለቲካዋ ጋር ብንጣላ እጇን ግን መንሳት አንችልም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ አለ። ደንበኞቿን ታሳምራለች። እሷ የሣለቻቸውን ሴቶች በተርታ ብታዩ ሁሉም እህትማማች ይመስላሉ፤ ትልቅ ዓይን፣ የረጠበ ከንፈር፣ ጠባሳ የለ። የፈንጣጣ ዘመን መሆኑን ፊታቸው አይናገርም። ገንዘብ የከፈለ ሰው እንዲከፋ አትፈልግም። ታፔላ ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ማንም ራሰ በራ ለጸጉር ቤት አልተሣለም። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ለጽሑፋቸው ያያዙት ምስል ግን አሁንም ቅር ብሎኛል። ትንሽ፣ ጠቆር ያለ፣ የሆነ ሰው ከስክሪን ላይ ያነሳው የሚመስል ምስል ነው። የባርኔጣው ጥላ ከሰል ሆኗል። እሷ በሙለር ሕትመት ላይ ያማረረችው ነገር እንዳለ እዚያ አለ። ያንን አይተው ነው «ምንም የለበትም» ያሉት፤ እሱንማ ብቻ ባይ እኔም ምንም አይታየኝም ነበር።

ጸሐፊው ለንደን ከሆኑ ወይም ካለፉ፣ ጋለሪው አርብ አርብ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው። ያኔ ሰው ቀለል ይላል። የሩበንሷ ሴትም እዚያው ጣሪያ ስር ስለሆነች ከአንዷ ወደ አንዷ እየተመላለሱ ማየት ይቻላል። ልብ የሚሉት ግራ ቀኙን ሳይሆን ጥላው ጉንጯ ላይ የሚያልቅበትን መስመር ነው። አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀርበው ይቁሙ፤ ከዚያ ካለፉ ጠባቂው ይቆጣል፣ እኔን ሁለት ጊዜ ተቆጥቶኛል። ሲጨርሱ ቡናው በእኔ ነው።